ምንም ያላየ ምስክር

ኔብራስካ ውስጥ ፒርስ የምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አለች። በሴፕቴምበር 2013 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ሜዳ ላይ አምስት መቶ ያህል አሮጌ መኪኖች ለሐራጅ ተሰለፉ። ንብረትነታቸው የላምብሬክት ሸቭሮሌ ነበር፤ ከ1946 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሠርቶ በሩን የዘጋ የመኪና መሸጫ። ባለቤቱ ያልተሸጡለትን አዳዲስ መኪኖች በቅናሽ ከመገላገል ይልቅ አንዳንዶቹን ማስቀመጥ ይወድ ነበር። ከነዚህ አንዷ የ1958 ካሜዮ ፒክአፕ ናት። ቆጣሪዋ 1.3 ማይል ያሳያል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በ140,000 ዶላር ተሸጠች።

ገዢው ምን ገዛ? መጓጓዣ እንዳይባል፣ በተነዳች ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል። ውበት እንዳይባል፣ ታድሰው የሚያብረቀርቁ እኩዮቿ ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ይገኛሉ። የተከፈለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ስላልተገለገለባት።

በእኛ የሙግት ልማድ ምስክር ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው በቦታው መኖሩን ነው። አይተሃል? ሰምተሃል? በዚህ ሚዛን ካሜዮዋ ለምስክርነት አትበቃም። እህል ጭና አታውቅም። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሐኪም ቤት አላደረሰችም። ኬኔዲ የተገደለ ዕለት ሬዲዮዋን ከፍቶ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ የሰማባት ሰው የለም። ጣሪያ ሥር ቆማ ነበር። እንዲያም ሆኖ የ1950ዎቹን አሜሪካ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል፤ ከሁሉም እውነተኛዋ እሷ ናት ተብሎ ይታመናል። ምንም ላላየ ምስክር ከሁሉ የበለጠ አበል እየተከፈለ ነው ማለት ነው።

ይህን ግራ መጋባት እንደ ሀብታም ቅብጠት ብቻ አይቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር ያለበት ይመስለኛል። ሁላችንም ቤት ክት ልብስ አለ፤ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና የሚወጣ። ክትን ክት የሚያደርገው ግን የሚወጣበት ቀን መኖሩ ነው። ካሜዮዋ በዓል የሌለው ክት ናት። ያላለቀ ሳይሆን ያልተጀመረ ዕድሜ ነው የተሸጠው፤ ማንኛችንም ለራሳችን ልንገዛው የማንችለው ዕቃ። ዋጋው ቢወደድ ምን ይገርማል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው እነዚህ መኪኖች ለመሰንበት አለመሠራታቸው ነው። ከፌብሩዋሪ 1942 ጀምሮ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና ማምረት አቁመው ወደ ታንክና ወደ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዞሩ። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ አገሬው መኪና ተርቦ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ የ1942ቱን ሞዴል የፊት ፍርግርጉን ለወጥ አድርገው ሲያቀርቡለት ተሻምቶ ገዛ። ረሃቡ ሲበርድ ግን ጥያቄው መጣ፦ መኪና ላለው ሰው መኪና እንዴት ይሸጣል? ጄኔራል ሞተርስ መልሱን ቀድሞ ያውቀው ነበር። አልፍሬድ ስሎን የመኪናን መልክ በየዓመቱ የመለዋወጥን ስልት ከ1920ዎቹ ጀምሮ አስለምዷል። የኩባንያው የምርምር ኃላፊ ቻርልስ ኬተሪንግም በ1929 ባወጣው ጽሑፍ ገዢው ባለው ነገር እንዳይረካ ማድረግ እንደሚገባ ሳያፍር አስረድቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ለዚህ ሐሳብ ሥጋ ያለበሰው የቅርጽ ንድፍ አለቃው ሃርሊ ኧርል ነው። ፒ-38 የተባለው ባለ ሁለት ጅራት ተዋጊ አውሮፕላን ልቡን ወስዶት ነበርና የ1948 ካዲላክ ከኋላ መብራቶቿ በላይ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አብቅላ ወጣች። ክንፎቹ ምንም አይሠሩም። ምንም ስለማይሠሩም እንደ ልብ ሊለወጡ ይችላሉ፤ በ1959 ካዲላክ ላይ ወደ ሰማይ ተቀስረው አላግጠው ካበቁ በኋላ የሚቀራቸው መንገድ ማጠር ብቻ ሆነ፣ አጠሩም። የ1957ቱ መኪና ዋና ሥራ የ1956ቱን ማስረጀት ነበር። ሰው መውሰድ ማምጣቱ ተደራቢ ሥራው ነው።

የአገራችን አንባቢ ይህን ፍልስፍና ከተቃራኒው በኩል ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ጎዳና ለአሥርተ ዓመታት ያልተለየችው ቮልስ እዚያው አሜሪካ ከ1959 ጀምሮ በወጡት ማስታወቂያዎቿ የምትኮራው መልኳን ባለመቀያየሯ ነበር። ሁለት ቮልሶች ጎን ለጎን ቢቆሙ ታላቂቱን ለመለየት ሊብሬ መመልከት ወይም መካኒክ መጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቮልስን አቆይቶ መንዳት ከሠሪዎቿ ጋር መስማማት ነው። የ1957 ሸቭሮሌ ቤልኤርን ሰባ ዓመት መጠበቅ ግን ሠሪዎቿን አልሰማም ማለት ነው። ሦስት ዓመት አገልግላ እንድትለወጥ ታስባ የተሠራችን መኪና እንደ ዓይን ብሌን መያዝ ታማኝነት ይመስላል፤ ሲያዩት ግን አመፅ ነው። ይህን አመፅ ደግሞ እወደዋለሁ። የሚገርመው፣ ዛሬ የዘመኑ ምልክት ተደርጋ በየፖስተሩ የምትታየው ያቺ ቤልኤር የወጣች ዓመት፣ በ1957 ሞዴሎች ሽያጭ ሸቭሮሌን ፎርድ በልጦት ነበር። ገበያ የመረጠውና ትዝታ የመረጠው አንድ አልሆኑም።

ሰብሳቢዎች ዘንድ የቆየ ጠብ አለ፦ ማደስ ይሻላል ወይስ እንዳለ መተው? ለረጅም ጊዜ ያሸነፈው ማደስ ነበር። መኪናዋ እስከ ሻንሲዋ ትበተናለች። ላሜራዋ ይገፈፋል፣ ዝገቱ ይፈገፈጋል፣ ክሮሙ እንደገና ይነከራል፣ ወንበሯ ይለበጣል፤ ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን በበለጠ አምራ ትመለሳለች። ችግሩ ያለው በዚህ «በበለጠ» ላይ ነው። የ1950ዎቹ ዲትሮይት መኪና የምትሠራው በጥድፊያ ነበር። የአንዱ በር ክፍተት ይሰፋል፣ የሌላው ይጠባል፤ ቀለሙ ከላይ ያበራል፣ ከሥር ግን ደርሷል አልደረሰም የሚል የለም። የታደሰችዋ ይህ ሁሉ የለባትም። ጠንካራ ዳኞች ይህን ሲነቁበት ከልክ በላይ ያማረች መኪና ነጥብ ይቀነስባት ጀመር። አዳሾቹም ተማሩ፤ ስህተቱንም ማደስ ያዙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መኪናዋ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ስታልፍ ሠራተኛው አንድ ብሎን መጥበቁን ወይም አንድ ዕቃ መታየቱን ለማሳወቅ በጠመኔ ወይም በቀለም ጫር ያደርግባት ነበር። ሰውየው ስለ መጪው ትውልድ አያስብም። ከኋላው ሌላ መኪና እየመጣ ነው፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ይሆናል፤ እግሩን አሞት ይሆናል። ጭረቱ ጥቂት ዝናብና ጥቂት ጭቃ ሲያገኘው ጠፍቶ የሚቀር ነው። ዛሬ አዳሹ ያረጁ ፎቶግራፎችን ያገላብጣል፤ ሳይነኩ ከቆዩ መኪኖች ሆድ ሥር በጀርባው ተኝቶ ይመረምራል፤ ከዚያ ያንን ግዴለሽ ጭረት በዚያው ቀለም፣ በዚያው ውፍረት፣ በዚያው ዘንበል ብሎ በተሳበበት አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ግዴለሽነት በታላቅ ጥንቃቄ ይኮረጃል። ሁሉም ነገር ይመጣል፤ የማይመጣው ሰውየው አለመጠንቀቁ ብቻ ነው።

የፋብሪካው ሰው ጭረት ስለ አንድ ብሎን የተነገረ ቃል ነበር፤ ጠብቋል፣ አይቼዋለሁ ይላል። የአዳሹ ጭረት ስለ ብሎኑ ምንም አይልም። የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ጭረት ነው። በሙግት ቋንቋ የስሚ ስሚ የሚባለው ምስክር ይኸው ነው፤ ዳኛው ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፈው። እጅግ የተዋጣለት የስሚ ስሚ ቢሆንም።

ምናልባት ይህ ስለከነከናቸው ይሆናል ሰብሳቢዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ወገን የተሳቡት። መኪና እንደ ወጣች የምትሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚል አባባል አላቸው። ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ በየዓመቱ የሚደረገውና እጅግ የተከበረው የመኪና ውበት ውድድር እንኳን ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች የራሳቸውን ምድብ ከከፈተላቸው ቆይቷል። እነዚህን መኪኖች ቀርቦ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ክሮሙን አይደለም። የሾፌሩ ክርን ዘወትር ያርፍበት የነበረው የመስኮት ጠርዝ ቀለሙ ተልጦ ታች ያለው ግራጫ ይታያል። መሪው ላይ የሁለት እጆች ቦታ ለስልሷል። የፍሬን መርገጫው ጎማ በአንድ ጥጉ ብቻ ተበልቷል፤ እግሩን አግድም የሚያሳርፍ ሰው ነበር። ይህ ነው ምስክርነት። ልብ ይባልልኝ፣ ይህ ሁሉ ጉዳት ነው። በመኪናዋ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ የተጻፈው በመጎዳት ነው፤ ሌላ ቀለም የላትም። እና አገልግሎት ያልጎዳት ካሜዮ፣ ከሰው እጅ ምንም ያልተጻፈባት ብራና ሆና፣ ከሁሉ ትወደዳለች።

ፕሉታርክ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን በአዲስ እየተኩ እንዳቆዩዋት፣ ፈላስፎቹም ያችው ናት፣ አይ አይደለችም እያሉ እንደተከራከሩባት ጽፏል። ቶማስ ሆብስ ከብዙ ዘመን በኋላ ክርክሩን አከረረው፦ የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ለቃቅሞ ሌላ መርከብ ቢገጥምባቸው የቴሴዎስ የትኛዋ ናት? የመኪና ሰዎች ይህን ጉዳይ ቢሮ ወስደው ጨርሰውታል። ቁጥር የተመታባት ናት ያችው። የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የሻንሲው ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ከተስማማ ዋጋዋ ይሰቀላል፤ ካልተስማማ የመኪና ቅርጽ ያላት ብረት ናት። የፈላስፎች የሁለት ሺህ ዓመት ሙግት በሊብሬ ተዘጋ። ያስቃል፤ ግን ከፈላስፎቹ መልስ የባሰ አይመስለኝም። ቢያንስ አንድ ነገር አምኗል፦ ብረት ማን እንደሆነ በራሱ አንደበት መናገር አይችልም፣ ወረቀት ያሻዋል። ወረቀቱን እንይዘው፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ደግሞ ሳይነኩ መቆየት ራሱ እንደሚወራው ሰላማዊ ነገር አይደለም። መኪና ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ይበላሻል ይላሉ መካኒኮች፤ እውነታቸውን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ወደ ሙጫነት ተለውጦ ካርቡራተር ይደፍናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ቧንቧውን ከውስጥ ያስበላዋል። ጎማ አንድ ዙር ባይሽከረከርም በዕድሜው ይሰነጣጠቃል፣ ማሸጊያ ጎሚኒው ይደርቃል። ስለዚህ ያቺ 1.3 ማይል የሄደች ፒክአፕ አስፋልት ላይ ትውጣ ቢባል መጀመሪያ ጎማዋ፣ ዘይቷ፣ ቧንቧዎቿ መቀየር አለባቸው። መኪና ለመሆን ያልተነካች መሆኗን መክፈል ይኖርባታል። ያልተነካች ሆና ልትቀጥል ከፈለገች ደግሞ መኪና መሆን ይቀርባታል።

ሌላው ጫፍ ሃቫና ነው። የአሜሪካ ማዕቀብ በ1962 ከተሟላ ወዲህ ለእነዚያ ሸቭሮሌዎች፣ ቡዊኮችና ፕሊመዞች መለዋወጫ ከዲትሮይት አልመጣላቸውም። ኩባውያን አልመንድሮን ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ኮፈናቸው ሲከፈት የሚታየው የሶቪየት ወይም የእስያ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ላሜራቸው ላይ ስቱኮ በስቱኮ ተደርቧል፤ የጎደላቸው ዕቃ በእጅ ተቀጥቅጦ ተሠርቷል። ሕጉም የራሱ ቀልድ ነበረው፤ እስከ 2011 ድረስ አንድ ኩባዊ እንደ ልቡ ሊገዛና ሊሸጥ የሚችለው ከ1959ኙ አብዮት በፊት አገር ውስጥ የነበሩትን መኪኖች ብቻ ነበር። ሐረር ላይ በፔጆ 404 ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። ችግር ሲያጠና መካኒክ የሙዚየም ጠባቂ ይሆናል፣ ራሱም ሳያውቀው።

ሃቫናን ማስዋብ ግን አልፈልግም። ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳላትን ሮዝ ቀለም ሸቭሮሌ ሾፌሯ በአንዲት ደህና ቶዮታ ሳያቅማማ ሊለውጣት ይችል ይሆናል፣ ቢለውጥም አልፈርድበትም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የሃቫናዋ መኪና በቁጥርም በሞተርም ያችው አይደለችም፣ ሊብሬ የሚያመልክ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያያትም። በቦታው ነበረች ወይ ተብላ ብትጠየቅ ግን ነበርኩ የምትለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ቱልሳ። ኦክላሆማ ግዛት የሆነችበትን ሃምሳኛ ዓመት በ1957 ስታከብር የቱልሳ ከተማ ሰዎች ለመቶኛው ዓመት ሕዝብ ስጦታ ሊልኩ አሰቡ። የመረጡት አዲስ ፕሊመዝ ቤልቬዴር ነው፤ ወርቃማና ነጭ። በዚያ ዓመት የፕሊመዝ አምራች የክራይስለር የቅርጽ አለቃ ቨርጂል ኤክስነር ዝቅ ብለው የተንጣለሉ፣ ክንፈ ረጃጅም መኪኖች አውጥቶ ተፎካካሪዎቹን አስደንግጧል። የፕሊመዝ ማስታወቂያም 1960 ሳይታሰብ ከች እንዳለ ያውጅ ነበር። የሦስት ዓመት መጻኢ ጊዜ አለኝ ብላ የተነሳች መኪና ሃምሳ ዓመት ወደፊት ልትላክ ነው። (በቅንፍ ለማለት ያህል፣ የ1957 የክራይስለር መኪኖች ተጣድፈው በመሠራታቸው ቶሎ በመዛግ ስማቸው የጠፋ ነው። ከዚያ ሁሉ መኪና መርጦ ይህችን መቅበር!)

ጁን 15 ቀን 1957 መኪናዋ የፀረ ዝገት ቅባት ተቀብታ፣ ተጠቅልላ፣ በካውንቲው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ወደተሠራላት የኮንክሪት ጉድጓድ ወረደች። ጉድጓዱ የኑክሌር ጥቃት እንኳን ይችላል ተብሎለት ነበር። በ2007 ቤንዚን የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል በሚል ቤንዚንና ዘይት አብሮ ተቀመጠ። በክሩስኮቷ መሳቢያ ውስጥ የዚያ ዘመን ሴት በቦርሳዋ ትይዛለች የተባለ ሁሉ ገባ፦ የፀጉር መያዣ ሽቦ፣ የከንፈር ቀለም፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ፣ ማረጋጊያ ክኒን፣ ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት። የ2007ን የቱልሳ ሕዝብ ቁጥር በትክክል ወይም በቅርብ የገመተ ሰው መኪናዋን ይሸለማል ተባለ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ እኔን የሚይዘኝ ቅጣቱና ክኒኑ ነው። ወርቃማ መኪና የቀበሩት ሰዎች ምናልባት ለቀልድ ብለው የጨመሯቸው ሁለት ነገሮች ናቸው ስለ ኑሮ የተናገሩት።

በጁን 2007 ጉድጓዱ ሲከፈት ውስጡ ውሃ ነበር። ለአቶሚክ ቦምብ የተሠራው ኮንክሪት ጠፈጠፉን አልቻለም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ መጠቅለያው ሲነሳ ወርቃማዋ ቤልቬዴር ከጣሪያዋ እስከ ቸርኬዋ ዝገትና ጭቃ ሆና ታየች። ሞተሯን ለማስነሳት ይሞክራል ተብሎ የተጠራው ዝነኛ መኪና ሠሪ ቦይድ ኮዲንግተን የሚያስነሳው ሞተር አላገኘም። በብየዳ በታሸገው የብረት ሣጥን ውስጥ የነበረው ግን ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ 48 ኮከብ ያለው ባንዲራና ወረቀቶቹ። ውድድሩን ያሸነፈው ሰው ግምቱ ከእውነተኛው ቁጥር የራቀው ከ2,300 ባነሰ ነበር፤ እሱ ግን በ1979 ሞቷል፣ መኪናዋ ለቤተሰቡ ሆነች። ዝገቱን ለማጽዳት ብዙ ከተደከመባት በኋላ ዛሬ ኢሊኖይ፣ ሮስኮ ውስጥ ባለ ሙዚየም ትገኛለች።

ጋዜጦቹ እንደ ውርደት ቆጠሩት። እኔ አልስማማም። ታሽጋ እንደገባች ታሽጋ ብትወጣ ኖሮ ከካሜዮዋ በምን ትለያለች? ሕዝቡ አጨብጭቦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ይህችኛዋ ግን ሃምሳ ዓመት ምን እንደሆነ ይዛ መጣች፤ ቃሉ ሲሰጥ ምን እንደነበር፣ ውሃ በዝግታ ምን እንደሚሠራ፣ በ1957 ከሰማይ ይመጣል ተብሎ የተፈራው ከመሬት እየሰረገ እንደመጣ። የተላከችው እንድታስደንቅ ነበር፤ ያየችውን ተናገረች።

ቱልሳ ውስጥ የተቀበረው ግን መኪና ብቻ አልነበረም። ሜይ 31 እና ጁን 1 ቀን 1921 የነጮች መንጋ ግሪንዉድ የተባለውን የበለጸገ የጥቁሮች ሰፈር አቃጥሎ አወደመ፤ የሞቱት እስከ 300 ሊደርሱ እንደሚችሉ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ በትምህርት ቤት አይነገርም፣ በአደባባይ አይነሳም። የግዛቱ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሰየመው በ1997 ነው፣ ሪፖርቱ የወጣው በ2001። በኦክላውን መካነ መቃብር ያለ ምልክት የተቀበሩትን ሰለባዎች ፍለጋ ቁፋሮ የተጀመረው በ2020 ነው።

ቀኖቹን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ቤልቬዴሯ ስትቀበር ከቃጠሎው ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ያን ሌሊት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በዚያችው ከተማ መንገድ ላይ ይሄዱ ነበር። ለአንደኛዋ መቃብር ቀን ተቆርጦላት፣ ቦታዋ ተመዝግቦ፣ የምትከፈትበት ዓመት በጋዜጣ ታውጇል። ለሌላኛው ምልክት እንኳን አልቆመለትም። ከተማዋ የ2007 ሰው እንዲያይላት የመረጠችው አራስ መኪና ነው፤ ስለ ምንም ነገር ልትጠየቅ የማትችል። እዚህ ላይ የተጠበቀ ዕቃ የዋህነቱ ያበቃል። ምንም ያላየ ምስክር የሚፈለገው ያየው ሰው እንዳይጠራ ሊሆን ይችላል።

ቱልሳ በ1998 ሁለተኛ መኪና አሽጋለች፤ ፕሊመዝ ፕራውለር፣ ከመሬት በላይ በተሠራ ማስቀመጫ፣ ለ2048። ፕራውለር አዲስ ሳለችም የ1930ዎቹን መኪኖች እንድታስታውስ ተብላ የተነደፈች ናት፤ ፕሊመዝ የሚለው ስም ራሱ በ2001 ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ያዩት መኪኖችስ የት ሄዱ? አብዛኞቹ ተጨፍልቀው ብረት ሆነዋል። ከዲሴምበር 1955 ጀምሮ 381 ቀን ሙሉ የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ጥቁሮች በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ የቤት ሠራተኛውን፣ የልብስ አጣቢዋን፣ ተማሪውን ያመላለሱት የግል መኪኖችና በአብያተ ክርስቲያናት ስም የተገዙ ስቴሽን ዋገኖች ነበሩ። የዚያው ዘመን መኪኖች ናቸው፤ ክሮማቸውም የዚያው ፋብሪካ ክሮም ነው። ኢንሹራንሳቸው ተሰረዘ፣ ሾፌሮቻቸው በትራፊክ ቅጣት ተዋከቡ፤ ሠርተው ሠርተው አለቁ። ማንም 1.3 ማይል ላይ አላቆማቸውም።

ከዚያ ታሪክ የተረፈው ሮዛ ፓርክስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበሬ አልነሳም ያሉበት አውቶቡስ ነው። ቁጥሩ 2857፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1948 የሠራው። ከአገልግሎት ሲወጣ አንድ ሰው ገዝቶ ሜዳ ላይ አቆመው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቀበት። ያው አውቶቡስ መሆኑን ያረጋገጠው ብረቱ አይደለም። የአውቶቡስ ኩባንያው ሠራተኛ የጋዜጣ ቁራጭ ይለጥፍበት በነበረው ደብተር ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ወረቀቱ ያስፈልገናል ያልኩት ለዚህ ነበር። ሚሺጋን፣ ዲርቦርን የሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም በ2001 በ492,000 ዶላር ገዛው፤ አድሶም የ1955ቱን መልክ መለሰለት።

በዚህ እድሳት ልቤ ሁለት ነው። ሜዳ ላይ የቆመበት ሠላሳ ዓመትም ምስክርነት ነበር፤ አገር ታላቁን ዕቃዋን ምን ስታደርግበት እንደኖረች የሚናገር። እኔ ብሆን ቢያንስ አንዱን ጎኑን እንደ ዛገ እተወው ነበር። ሙዚየሙ ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ ጎብኚ ወጥቶ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ፈቀደ። ልጆች ይወጣሉ፣ የትኛው ወንበር ነው ብለው ይጠይቃሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ እጃቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። የወንበሩ ልብስ በእድሳቱ ጊዜ የተለበጠ ነው፤ በዚህ አያያዝ ያልቃል፣ ሲያልቅም ይቀይሩታል። የፔብል ቢች ዳኛ ቢያየው ነጥብ ይቀንስበታል። ይቀንስበት።